«ስሞላንድ» የተባለችው የስዊድን አጥፊ መርከብ፤ በአሠራሯና በአገልግሎቷ ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ጦር መርከብ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ መድፏን ቈጥረው፥ ፍጥነቷን ለክተው ፍርድ ይሰጣሉ። ይህ ሚዛን ግን በጦርነት ላልተፈተነች መርከብ አይበቃም። ስለዚህ ስሞላንድን የምንመረምረው፥ ምን ሥራ ተሰጣት? ሥራዋንስ ማን ወረሰው? በሚል ጥያቄ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።)

ስሞላንድ ጎተንበርግ በሚገኘው በኤሪክስበርግ የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ በ1952 ወደ ባሕር ወረደች፤ በ1956 አገልግሎት ጀመረች። ርዝመቷ 121 ሜትር፥ ፍጥነቷ 35 ኖት ያህል ነበር። አራት ባለ 120 ሚሊ ሜትር መድፎች፥ ስምንት የቶርፔዶ መተኰሻ ቱቦዎች፥ እንዲሁም ሰርጓጅ መርከብን የሚመቱ ባለ 375 ሚሊ ሜትር ሮኬቶች ታጥቃለች። በ1960ዎቹ ደግሞ «ሮቦት 08» የተባለው ሚሳይል ተጨመረላት፤ ይኸውም ፈረንሳዮች ለተኩስ ልምምድ ዒላማ ከሠሩት ሰው አልባ አውሮፕላን የተገኘ ነው።

መርከቢቱ በዚህ ሚሳይል ብዙ ተመስግናለች። በእኛ አስተያየት ግን ምስጋናው የሚገባው ለስፋቷ ነው። አዲስ መሣሪያ ሲመጣ የሚቀመጥበት ቦታ ነበራት። ጉዳቱም ከዚያው ከስፋቷ መጣ፤ ትልቅ መርከብ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃልና ከታሰቡት አራት እኅትማማቾች ስሞላንድና ሀላንድ ብቻ ተፈጸሙ፤ የቀሩት ሁለቱ ተሰረዙ።

የስዊድን መንግሥት በ1958 ትልልቅ መርከቦችን ትቶ ወደ ትንንሽና ፈጣን ጀልባዎች ለመዞር ወሰነ። ውሳኔው ምክንያት አልነበረውም አንልም፤ በአንድ ምት ብዙ ሀብት ከማጣት ኃይልን መበተን ይሻላል። ነገር ግን ጀልባዎቹ የወረሱት የአጥፊ መርከብን የማጥቃት ክንድ ብቻ ነው። ሰርጓጅ የማደኑን ሥራ ሄሊኮፕተሮች በከፊል ቢይዙትም፥ ቀንና ሌሊት ባሕር ላይ የሚቈይ ወራሽ አላገኘም።

ስሞላንድ በ1979 ከአገልግሎት ወጣች። በጥቅምት 1981 አንድ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በካርልስክሮና የባሕር ኃይል ሰፈር አጠገብ ከዐለት ላይ ተቀረቀረ፤ በማግስቱ አይቶ ያስታወቀውም ዓሣ አጥማጅ ነበር። ስሞላንድ ብትኖር ኖሮ ታስቆመው ነበር ለማለት ማስረጃ የለም። ሆኖም ድርጊቱ የተተወው ሥራ አሁንም አስፈላጊ እንደ ነበረ ገልጧል።

ዛሬ ስሞላንድ በተሠራችበት በጎተንበርግ ወደብ ሙዚየም ሆና ትታያለች። ከእርሷ የምናገኘው ትምህርት ትልቅ መርከብ ከትንሽ ይበልጣል የሚል አይደለም። አንድ መሣሪያ አርጅቷል ተብሎ ሲሻር፥ ሥራውም አብሮት አርጅቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባል የሚል ነው።