ማንበብ ያቃተው ባለቅኔ

ፊሊፕ ሹልትስ በአገሩ በአሜሪካ የታወቀ ባለቅኔ ነው። «ውድቀት» ብሎ የሰየመው የግጥም መድበል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. የፑሊትዘርን ሽልማት አስገኝቶለታል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። ይኸው ሰው እስከ 11 ዓመት ዕድሜው ድረስ ማንበብ አይችልም ነበር። ሦስተኛ ክፍልን ደግሟል፤ «የደነዞች ክፍል» በሚባለው ውስጥ ተቀምጧል፤ በመጨረሻም ትምህርት ቤቱን እንዲለቅ ተጠይቋል። አንድ አስጠኚ ወደፊት ምን ለመሆን እንደሚፈልግ ቢጠይቀው ልጁ «ደራሲ» ብሎ መለሰ፤ አስጠኚውም ከት ብሎ ሣቀ።

ሹልትስ ይህን ታሪኩን በ2011 «የእኔ ዲስሌክስያ» በሚል ርእስ አሳትሞታል። መጽሐፉ ትንሽ ነው፤ ለማንበብ የለመደ ሰው ባንድ ቀን ይጨርሰዋል። እኔ ግን ከጨረስሁት በኋላ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣልኝም፤ ምክንያቱንም ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ይገባል። ዲስሌክስያ የሚለውን ቃል በ1887 ከግሪክኛ ሁለት ቃላት አጋጥሞ ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዐይን ሐኪም ነው፤ «ከቃል ጋራ መቸገር» እንደ ማለት ነው። በርሊን የተናገረው ግን አንጐላቸው ስለ ተጐዳ ማንበብ ስለ ጠፋባቸው አዋቂዎች ነበር። በልጅነቱ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ማንበብ እምቢ ስላለው ልጅ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የመጀመሪያ ምስክርነቶች አንዱ ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ ሐኪም በ1896 በብሪታንያ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ያወጣው ነው። ልጁ ፐርሲ ይባላል፤ ዕድሜው 14 ነበር። ትምህርት ቤት ከገባ ዓመታት ቢያልፉም የገዛ ስሙን ሲጽፍ ፊደሎቹን አዛውሮ «ፕረሲ» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ስሕተቱንም ደጋግመው ካላመለከቱት አያየውም። በሒሳብ ግን 749ን በ867 አባዛ ቢሉት ፈጥኖና ሳይሳሳት ያባዛል። ለብዙ ዓመት ያስተማረው መምህርም ትምህርቱ ሁሉ በቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ልጅ ነበር ብሎ መስክሮለታል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው ቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በአእምሮው ነው፤ ለመምህሩም የሚነግረው በአፉ ነው። መምህሩ የሚያርመው ምሥጢሩን፣ ሰዋስዉንና ዜማውን እንጂ ብራና ላይ የሰፈረ ፊደል አይደለም። ስለዚህ ዐይነ ስውር የሆኑ ሊቃውንት ቅኔ አስተምረው አልፈዋል። ፐርሲ እንዲህ ባለው ጉባኤ ቢቀመጥ ኖሮ ማን ያሸንፈው እንደ ነበር አላውቅም። ሆኖም የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነውና የሚመዘነው በወረቀት ላይ በሰፈረው ፊደል ነበር።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። የሹልትስ መጽሐፍ ትልቁ ኀይል ያለው ደራሲው ስለ ራሱ ዘግይቶ ባወቀበት ነገር ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቀስ ብሎ ሲያነብ፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ሲመለስበት፣ በሰው ፊት ጮኾ ማንበብ ሲያስፈራው ኖሯል፤ ይህ ሁሉ የጠባይ ጕድለት፣ የስንፍናና የሞኝነት ምልክት ይመስለው ነበር። ዕድሜው 58 ሲደርስ ልጁ በሁለተኛ ክፍል ሳለ ተመርምሮ ዲስሌክስያ እንዳለበት ተነገረ። አባትየው የልጁን ምልክቶች ሲያነብ የሚያነበው የራሱን ታሪክ ሆኖ አገኘው። በዚህ ስፍራ አንድ ሌላ ጸሓፊ ቢሆን ኖሮ እንባ ያበዛ ነበር፤ ሹልትስ ግን ቍጥብ ነው። ግማሽ ምእት ዓመት የተሸከመው ኀፍረት ስም ስለ ተገኘለት ወዲያው እንዳልተወው በግልጽ ይናገራል። እኔ ይህን እውነተኛነቱን ከሁሉ አብልጬ ወድጄለታለሁ።

ሁለተኛው ያማረ ክፍል ማንበብን እንዴት እንደ ተማረ የሚተርክበት ነው። እናቱ ሌሊት ሌሊት «ብላክሆክ» የሚባለውን በሥዕል የሚተረክ የጀብዱ መጽሔት ታነብለት ነበር። ልጁ አልጋው ላይ ተኝቶ እናቱ የምታወጣቸውን ቃላት ድምፅ ሳያሰማ በአፉ እየተከተለ፣ ማንበብ የሚችል ሌላ ልጅ እንደ ሆነ አድርጎ በሐሳቡ ራሱን ይሥላል። የቃሉን ክብደትና ጣዕም በሌላው ልጅ አፍ ይቀምሳል። እንዲህ እያለ ሌላው ልጅ እሱ ሆነ። በኋላም በ1987 በኒው ዮርክ የድርሰት ትምህርት ቤት ሲያቋቁም ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ደራሲው በራሱ አፍ ለመናገር ሲያፍር፣ የሚናገርለትን ሌላ ሰው በሐሳቡ ይፍጠር ይላል። እንግዲህ ሰውየው ባለቅኔ የሆነው ችግሩ እያለ ብቻ ሳይሆን ከችግሩ ለማምለጥ በቀየሰው መንገድ ጭምር ነው ማለት ይቻላል። ይህን ግን አጋንኖ ዲስሌክስያ ጸጋ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም፤ በዚያ «የደነዞች ክፍል» ውስጥ አብረውት ተቀምጠው የነበሩትና መጽሐፍ ያልጻፉት ልጆች ይመስክሩ።

መጽሐፉን የምነቅፍበት ነገር አለኝ። ደራሲው ጥፋቱን ሁሉ የሚያገኘው በራሱ አንጐል ውስጥ ነው፤ የእንግሊዝኛን አጻጻፍ ግን ለፍርድ አያቀርበውም። ይህ ለሀገሩ አንባቢ ላይታየው ይችላል፤ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለተማርን ለእኛ ግን ወዲያው ይታየናል። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የተባሉት አራት ፊደሎች በተርታ ሲገኙ አንድ ጊዜ «ዞው»፣ አንድ ጊዜ «ስሩ»፣ አንድ ጊዜ «ኮፍ»፣ አንድ ጊዜ «ባው»፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ኢነፍ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ይነበባሉ። አምስቱንም ለይቶ የሚያሳውቅ ሕግ የለም፤ ያለው ማስታወስ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ታሪክ አለው። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር የማተሚያ መኪና ካቆመ በኋላ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ የሕዝቡ አነጋገር ግን ተለወጠ። «ናይት» የሚለው የፈረሰኛ ማዕርግ ስም በመጀመሪያው ኬ፣ በመካከሉም ጂና ኤች የተቀመጡበት ዱሮ በእውነት ይነበቡ ስለ ነበር ነው። ይህስ ይሁን። የሚያሳዝነው ሊቃውንቱ ራሳቸው የጨመሩት ነው። «ዴት» ማለትም ዕዳ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ የምትባል ፊደል አልነበረችበትም፤ የላቲኑን «ዴቢቱም» ለማስታወስ ሲሉ ጨመሩባት፤ ያነበባት ግን የለም። «አይላንድ» በሚለው ውስጥ ያለችው ኤስማ ከዚህ የባሰች ናት፤ ቃሉ ከላቲን «ኢንሱላ» የመጣ መስሏቸው አስገቧት፤ እሱ ግን ጥንቱንም የእንግሊዞች የራሳቸው ቃል ነበረ። የሊቃውንት ስሕተት ሕግ ሆኖ ይኖራል፤ ያንን ስሕተት ያልደገመ ሕፃን ቀይ መሥመር ይሠመርበታል።

የአጻጻፉ ክብደት ምን ያህል እንደ ሆነ በጥናትም ታይቷል። በ2001 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ምርምር ዲስሌክስያ ያለባቸውን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ተማሪዎች አወዳድሮ ነበር። ሲያነቡ በአንጐላቸው ውስጥ የታየው ድካም በሦስቱም አንድ ዐይነት ነው፤ በንባብ ግን ጣልያኖቹ ከሁለቱ በልጠው ተገኙ፤ የጣልያንኛ ፊደል የሚነገረውን ድምፅ ይጽፋልና። እንግሊዝኛን ከሌሎች 12 የአውሮፓ አጻጻፎች ጋራ ያነጻጸረው የ2003 ጥናት ደግሞ ስለ ጤነኞቹ ልጆች ይነግረናል፤ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት መጨረሻ የብዙዎቹ አገሮች ልጆች የሚያውቋቸውን ቃላት ከሞላ ጐደል ሳይሳሳቱ ሲያነቡ፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩት ማንበብ የቻሉት ሲሶውን ያህል ነበር። ችግሩ አንድ ሲሆን ቅጣቱ እንደየቋንቋው ይለያያል ማለት ነው። ሹልትስ ይህን ቢያነሣ ኖሮ የልጅነት ሸክሙን ከሁለት ተካፍሎ ባየው ነበር።

አጻጻፉን ለመለወጥ የሞከሩ አልጠፉም። በርናርድ ሾው በ1950 ሲሞት ለአዲስ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚሆን ገንዘብ ተናዝዞ ነበር፤ ፊደሉም ተቀርጾ አንድ ቴያትሩ በ1962 ታተመበት፤ ከዚያ ወዲያ ግን አገሩ አልተቀበለውም። እኛም በዚህ ለመሣቅ አንችልም። በግእዝ የተለያየ ድምፅ የነበራቸው ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሠና ሰ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ፣ ንጉሥን በሠ ያልጻፈውን እንነቅፋለን። እኔ ራሴ ሠ እንድትቀር ከሚፈልጉት ወገን ነኝ፤ ቃሉ ከየት እንደ መጣ ትነግረኛለችና። ሆኖም የእኛ ፊደል ምሕረት አለው፤ በየትኛውም ሠ ቢጻፍ ቃሉ ይነበባል።

እንግሊዝኛውን ግን ተሸክሞ መኖር ግድ ነው። በዚህ የሚቸገሩ ሰዎች ካገኟቸው ዘዴዎች መካከል ጥሩው የቃሉን ዘመዶች መፈለግ ነው። «ሳይን» በሚለው ውስጥ ጂ ለምን እንደ ተቀመጠች «ሲግናቸር» የሚለው ወንድሙ ይመሰክራል፤ በዚያ ትነበባለችና። ፊደሉን እያዩ፣ ድምፁን እያሰሙ፣ በእጅ እየጻፉ ባንድነት መማርም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠራበት መንገድ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ስሕተቱን ያርማል፤ ነገር ግን «ዜር» የሚባሉትን፣ አንዱ «የእነሱ» ሌላው «እዚያ» የሆኑትን ሁለት ቃላት ያለዋወጠውን ሰው ሁልጊዜ አያድነውም። በብሪታንያና በአሜሪካም እንዲህ ላሉት ተማሪዎች በፈተና ጊዜ ትርፍ ሰዓት ይፈቀዳል።

መጽሐፉ ለምን ከሐሳቤ እንዳልወጣ እናገራለሁ ብዬ ነበር። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡም፣ ታሪኩም፣ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተማሪው ዕውቀት ሁሉ የሚያልፍበት በር ሆኗል። እኔም ለዓመታት በዚያ በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለ መኸር ድርሰት እንዲጽፉ አዘዝኋቸው። አንዱ ልጅ ስለ አያቱ ዐውድማ ጻፈ። «ቢኮዝ» የሚለውን ቃል ባንድ ገጽ ላይ በሦስት ዐይነት ፊደል ጽፎት ነበር። ያቈሰለኝ ይህ ነው፤ አንዱን ስሕተት ደጋግሞ ቢሳሳት አለማወቅ ነው እላለሁ፤ በሦስት መንገድ መሳሳት ግን ንቀት መሰለኝ። ከ10 አራት ሰጥቼ፣ ከግርጌው «ግድ የለሽ» ብዬ ጻፍሁበት። አንዱን ቃል ባንድ ገጽ ላይ በተለያየ መንገድ መጻፍ ከዲስሌክስያ ምልክቶች አንዱ መሆኑን የተማርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ልጁ ይህ ችግር ይኑርበት አይኑርበት አሁን ማወቅ አይቻልም። በሬዎቹ ሲያበራዩ አያቱ የሚያዜሙትን ዜማ የገለጸበት አንድ ዐረፍተ ነገር ግን እስካሁን ትዝ ይለኛል፤ ከክፍሉ ማንም እንዲያ አልጻፈም ነበር። ምን ለማለት እንደ ፈለገ በአፉ እንዲነግረኝ አልጠየቅሁትም።

የሹልትስ እንግሊዝኛ ቀላል ነው፤ ዐረፍተ ነገሮቹም ለተማሪ አይከብዱም። መጽሐፉን የሚያገኝ መምህር ቢኖር የምመክረው ለተማሪዎቹ እንዲያነቡት ከማደል ይልቅ ራሱ በክፍል ውስጥ ጮኾ እንዲያነብላቸው ነው፤ በተለይም እናቲቱ «ብላክሆክን» የምታነብበትን ክፍል። ለዚህ መጽሐፍ የሚስማማው አነባበብ ይህ ነው፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውም ልጅ ሊሰማው የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።