መዶሻ የሚያስር ገመድ

በሕንፃ ግንባታ ቦታ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ አንጀቴን የሚያርሰው፣ ሠራተኛው ወደ ላይ ከመውጣቱ በፊት ዕቃ እንዳይወድቅ የሚሰጠው የጠዋት ሥልጠና ነው። ጥሩ ፎርማን ወሬ አያበዛም። መዶሻውን ያነሣል፤ የገመዱን አንድ ጫፍ ከእጀታው፣ ሌላውን ወገቡ ላይ ካለው ቀበቶ ጋር ያስርና ሆን ብሎ ይለቀዋል። መዶሻው ጉልበቱ አጠገብ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ እጁ አስሮና ጎትቶ ያሳያል። ከባድ መሣሪያ ግን ሰውየውን ይዞት እንዳይወርድ ከወገብ ጋር አይታሰርም፤ የሚታሰረው ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ነው።

ከ20 ሜትር ከፍታ ያመለጠ መዶሻ በ2 ሰከንድ ገደማ መሬት ይደርሳል፤ ያኔ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባህር ዛፍ መወጣጫው ሥር አሸዋ የምትሸከም ሴት ቀና ለማለት እንኳ ፋታ አታገኝም። ሄልሜት የግድ ነው፤ ትከሻንና ጀርባን ግን አይሸፍንም። ለዚህ ነው ከላይ የሚታሰረውን ያን ቀጭን ገመድ ከሁሉም አስበልጬ የማደንቀው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅና የማስተማር ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ተቋራጮች ሆይ፣ ዛሬ ጠዋት የቀጠራችሁትን የቀን ሠራተኛ መጀመሪያ ይህን አስተምሩት፤ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ።