ከአውቶቡስ ያልወረደ ጽሑፍ
ስለ ጉዞ ማስታወሻዎቻችን የቀረበ ሒስ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ ለጉዞ ጸሐፊ ሥራውን ቆርሶ የሰጠው ይመስላል፤ ያላየነውን አገር አሳይቶ እንድንናፍቀው ማድረግ የእርሱ ፈንታ ነውና። አገር ማለት ተራራውና ወንዙ፣ ሕንፃውና መንገዱ ብቻ አለመሆኑን በቃል ሁላችንም እንስማማበታለን። በጽሑፍ ግን ስንቶቻችን እንፈጽመዋለን? በዚህ አጭር መጣጥፍ የአማርኛ የጉዞ ጽሑፍ መንገደኛው ሳያስበው የሚያገኘውን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው እንመረምራለን። ሒሱ የሌሎችን ሥራ ብቻ ሳይሆን የዚህን ጽሑፍ አቅራቢ የራሱን ጥፋትም ይጨምራል።

ከቀደምቶቹ እንጀምር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የመንግሥት ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ከተጓዙ በኋላ በዚያው ዓመት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። የአቀባበሉ ሥነ ሥርዓት፣ የተጎበኙት ተቋሞች፣ የሁለቱ አገሮች መመሳሰል የመጽሐፉን ሰፊ ስፍራ ይይዛሉ። አንድ አገር ከሌላው ምን ሊማር ይችላል የሚለው ጥያቄ ከመጽሐፉ ሥር ይፈስሳል። መጽሐፉ ወጥቶ አራት ዓመት ሳይሞላ የፋሺስት ጦር አገራችንን መውረሩን ስናስታውስ፣ ጥያቄው የሥራ ፈት ጥያቄ እንዳልነበረ እንረዳለን። አማርኛቸውም ግልጽና ያልተወሳሰበ ነው። ይሁን እንጂ በመንግሥት እንግድነት የሄደ ሰው የሚያየው በአብዛኛው እንዲያይ የተዘጋጀለትን ነው። መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ፣ የሚያነጋግረው ሰው አስቀድሞ ተመርጦ ይቆየዋል። ይህ የደራሲው ድክመት ሳይሆን የጉዞው ጠባይ ነው። ድክመት የሚሆነው እኛ፣ የማንም መልእክተኛ ሳንሆን፣ በገዛ ገንዘባችን ተሳፍረን ሄደን ሳለ የመልእክተኛ ዓይን ተውሰን ስንመለስ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለየት ያለ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተመው የመንገደኛ መምሪያ ለባዕድ አገር ተጓዥ የተዘጋጀ የፈረንሳይኛና የአማርኛ የንግግር መጽሐፍ ነው። ዓላማው የቋንቋ መማሪያ መሆን ቢሆንም፣ መንገደኛና ያገር ሰው ተፋጥጠው ሲጠያየቁበት የዘመኑ አስተዳደርና ኑሮ በንግግሩ ውስጥ ይጋለጣል። ተውኔት ለሚጽፍ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በተገናኙ ጊዜ እውነት የሚወጣው ከጸሐፊው ትንታኔ ሳይሆን ከጥያቄና ከመልሱ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛውና በእኔ ግምት ከሁሉ የላቀው፣ በጉዞ መጽሐፍነት ተቆጥሮ የማያውቀው ነው። መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን ቃል በመቅረጸ ድምፅ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ማለቴ ነው። የድሮው ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ ከመምህር ወደ መምህር ሲዞር አገሩን የሚያውቀው በየደጁ ቆሞ በሚለምነው ቁራሽ ነው። ማን እንደሰጠው፣ ማን እንደከለከለው፣ በየትኛው ደጅ ውሻ እንደተለቀቀበት ያውቃል። «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» ብሎ ያደረ ሰው ስለ አንድ መንደር የሚኖረው ዕውቀትና በመስኮት አይቶ ያለፈ ሰው የሚኖረው ዕውቀት ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። መንግሥቱ ለማ ለንደን ድረስ ሄደው የተማሩ፣ ብዙ ያዩ ሰው ነበሩ። በዚህ መጽሐፍ ግን ያዩትን ከመተረክ ይልቅ ተቀምጠው ማዳመጥን መረጡ፤ የአባታቸውንም አነጋገር ከነለዛው አቆዩልን።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስጓዝ፣ አውቶቡሳችን በጣርማበር አናት ጣሊያን የፈለፈለውን ዋሻ አልፎ በጉም ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ደብረ ሲና ላይ ቆመ። ቆሎ ሻጮች መስኮቶቹን ከበቡ። ከአንዲት ጠና ካሉ እናት በመስኮት ቆሎ ገዛሁ፤ አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ። ደሴ ሳልደርስ በማስታወሻዬ ላይ አንድ መጣጥፍ ተጽፎ አለቀ። ጉሙ የዘመናት ሐዘን ሆነ፤ እኚያ እናት የድህነት ሐውልት ሆኑ፤ የተዘረጋው እጃቸው የአገር ልመና ሆነ። መጣጥፉ ታተመ። ወዳጆቼ አመሰገኑት፤ አንድ መምህርም ለተማሪዎቹ እንዳነበበው ነገረኝ።

ከዚያ በኋላ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ስብሰባ ወደ ዋሽንግተን ሄጄ ሳለ የተሳፈርኩበት ታክሲ ሹፌር በስልክ አማርኛ ስናገር ሰማኝ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በወጣትነቱ በሱዳን በኩል የወጣ የይፋት ሰው ነው። በደብረ ሲና በኩል ማለፌን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ቆሎው ዛሬም በጣሳ ይሰፈራል? ሱፍ ይቀላቅሉበታል? የዱሮዎቹ ሴቶች ልጆች ናቸው አሁን የሚሸጡት?» እያለ ጠየቀኝ። ስለ ጉሙ ነገርኩት። ስለ ቁልቁለቱ ነገርኩት። ከጠየቀኝ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ዝም ብሎ ጥቂት ከነዳ በኋላ፣ «እንግዲያው ከአውቶቡሱ አልወረድክም» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው። ሒሳቡን አልቀበልም ብሎ ከሆቴሌ ደጅ አድርሶኝ ሄደ።

ይህ ሰው ስለ ሥራዬ የሰጠው ሒስ እስከ ዛሬ ከተሰነዘሩብኝ ሁሉ የጠነከረ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደብረ ሲና ወረድኩ፤ አደርኩም። ሴትዮዋን አገኘኋቸው። ከአጠገባቸው ተቀምጬ «እማማ፣ ስለ እርስዎ ጽፌ ነበር» አልኳቸውና መጣጥፉን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። «ጉሙን ደኅና አድርገህ ጽፈኸዋል፤ ሴትዮዋ ግን ማን ናት ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ስለ ሥራቸው ነገሩኝ። ገብስ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ፈትጎና አበጥሮ ለመቁላት ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ በዚያ ቆሎ ልጆቻቸውን እንዴት እንዳስተማሩ። «ስሸጥ አዝኜ አላውቅም፤ የማዝነው ገብሱ ሲወደድ ነው» ነበር ያሉኝ። እኔ ልመና ያልኩት እጅ ሒሳቡን የሚጠብቅ የነጋዴ እጅ ኖሯል።

ከዚህ ምን እንማራለን? በመጀመሪያ፣ መንገድ ላይ ያገኘነው ሰው አስቀድመን ላሰብነው ሐሳብ ማስረጃ እንዲሆን አልተፈጠረም። ችግረኛ አድርገን ብናቀርበው ብቻ አይደለም የምንበድለው፤ በየምዕራፉ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያዘንብ «ጥበበኛ ገበሬ» አድርገን ስናቀርበውም በደሉ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ነገር የኪነ ጥበብ ጠላት አይደለም። «የጉዞ ጽሑፍ የገበያ ዋጋ መዝገብ ይሁን ወይ?» የሚል ይኖራል። አይሁን። ነገር ግን የገብሱን መወደድ የማያውቅ ጸሐፊ የሴትዮዋን ሐዘን ከየት ያገኘዋል? እውነተኛውን ሐዘን ስላላወቅሁ አይደለምን የሐሰቱን ከጉም የፈጠርኩት? ሦስተኛ፣ የምንጽፍለትን ብቻ ሳይሆን የምንጽፍበትንም ሰው እንደ አንባቢ መቁጠር ይገባል። ባለቤቱ ፊት ሊነበብ የማይችል ገጽ ገና አልተጠናቀቀም።

ይህ ጉዳይ የደራስያን ብቻ አይደለም። ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር ወርዶ ሪፖርት የሚጽፍ የሥራ ኃላፊ፣ ተማሪዎቹን ለጉብኝት የሚወስድ መምህር፣ ለሥዕሉና ለትርኢቱ መነሻ ፍለጋ የሚዞር ከያኒ ሁሉ መንገደኛ ነው። የሪፖርቱም ሆነ የመጣጥፉ በሽታ አንድ ነው፤ በመኪና መስኮት የታየ ሕዝብ። ዛሬ ካሜራ በየኪሱ በገባበት ዘመን ደግሞ በሽታው ብሷል፤ ማየት ረክሷል፣ መቀመጥ ግን እንደ ዱሮው ጊዜ ይጠይቃል።

መጣጥፌን እንደገና ጽፌዋለሁ። ጉሙ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቀርቷል። የቀረው ስለ ገብስ ነው፤ አሁን እንኳ በጣሳ ይሰፈር እንደሆን የሚጠይቀኝ ባገኝ መልስ አለኝ። ለማሳተም ግን አልቸኮልኩም፤ በመጀመሪያ ደብረ ሲና ላይ መነበብ አለበት።