የማስታወቂያዋ ሴትና የደጎሎዋ ባለይዞታ

ማስታወቂያ ዕቃ ከመሸጡ በፊት ሰው ይሥላል። የሚሥለው ሰው ምን እንደሚመስል መመርመርም፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ድርሰትን ከመመርመር የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ልብ ወለድ መጽሐፍ በማይደርስበት ቤት የቀን መቁጠሪያና የሳሙና መጠቅለያ ይደርሳልና።

በአገራችን የኅትመት ማስታወቂያ ሴት ጠፍታ አታውቅም። በቡናው መያዣ ላይ ጥበብ ለብሳ ከጀበናው አጠገብ ተቀምጣለች፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ፈገግ ብላ ትታያለች፤ በዘይቱ ማስታወቂያ ላይ ማዕድ ታቀርባለች። ፊቷ አለ፤ እጇም አለ፤ የታጣው ቃሏ ነው። ስለ ዕቃው ጥራት የሚመሰክረው፣ ዋጋውን የሚያመዛዝነው፣ ገንዘቡን የሚቆጥረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

የወሎ ሴት ደግሞ በዚህ ነገር ተጨማሪ ዕዳ አለባት። መልኳ በዘፈንና በጨዋታ ሲወደስ ስለ ኖረ፣ «ወሎ» የሚለው ስም ራሱ የቁንጅና ማስታወቂያ እስከ መሆን ደርሷል። ውዳሴው ክፉ አይደለም፤ ጉድለቱ ከመልክ አለማለፉ ነው። በደቡብ ወሎ የጃማ ወረዳ ከተማ በሆነችው በደጎሎ ዙሪያ ያለው ምድር ዋልካ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። በዚህ መሬት ላይ ስንዴውንና ምስሩን የምታርመውን፣ ዘሩን ለይታ የምታስቀምጠውን፣ እህሉን ለገበያ የምታወጣውን ሴት በማስታወቂያ ሥዕል ውስጥ ብንፈልጋት እምብዛም አናገኛትም።

ይሁን እንጂ የዚህችው ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ሌላ ወረቀት አለ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው ሲሰጥ የቆየው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስም በአንድነት፣ የሁለቱንም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የሚይዝ ነው። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ ጌጥ አልተጨመረም፤ ፈገግታም አልተጠየቀም። የሚናገረው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ይህች ሴት ባለመብት ናት ይላል። ሁለቱን ወረቀቶች ብናስተያያቸው፣ አንደኛው ሴቲቱን ለዕቃው ማሳመሪያ ያደርጋታል፤ ሁለተኛው የንብረቷ ባለቤት መሆኗን ይመሰክርላታል።

ነጋዴው «የእኔ ሥራ መሸጥ እንጂ ማስተማር አይደለም፤ የሚሸጠውም ውበት ነው» ይለን ይሆናል። እኛም በራሱ ሙያ ገብተን እንጠይቀዋለን፤ ጨውና ዘይቱ፣ ሳሙናና ቡናው በአብዛኛው በማን እጅ ይገዛል? ገዢን እንደ ጌጥ እየሣሉ ገበያ መጥራት ለንግዱም አይበጅም።

ሕጉ የበኩሉን አድርጓል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ የሴቶችን እኩልነት ደነገገ፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም የሴቶችን ክብርና ሰብአዊ መብት የማያገናዝብ ማስታወቂያን ከለከለ። ሆኖም ሕግ ነውርን ይከለክላል እንጂ ሙሉ ሥዕል እንዲሣል ሊያዝ አይችልም። ጀበናውና ጥበቡ ነውር የለባቸውም፤ የእውነቱ እኩሌታ ናቸው። የቀረውን እኩሌታ መጠየቅ የአንባቢው ፈንታ ነው።

ስለዚህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ፖስተር ከማሳተማቸው በፊት፣ በሥዕሉ ላይ ስላለችው ሴት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናሳስባለን፤ ምን ትሠራለች? ምን ታውቃለች? ገንዘቡስ የማን ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ማስታወቂያ በተሠራ ጊዜ፣ በደጎሎ ትምህርት ቤት የምትማር ልጃገረድ በታተመው ወረቀት ላይ እናቷን ታገኛለች።