ኮምፒውተሩ ትንሽ ዝም ቢልስ?

ስለ ዓይነ ስውራንና ኮምፒውተር ሲወራ ሁሌም የሚወራው ስለ ንግግር ነው። ማሽኑ ያነብልናል፣ እኛ እንሰማለን፣ አለቀ። ቀኑን ሙሉ በስክሪን ሪደር ለምሠራው ለኔ ግን ይሄ ወሬ ግማሹ ብቻ ነው። «በተን፣ ሊንክ፣ ሄዲንግ ሌቭል ቱ» እየተባለ ጆሮዬ ሲሞላ፣ ላነበው የፈለግኩት ዓረፍተ ነገር ወረፋ ይጠብቃል። ታዲያ ማሽኑ ሳይናገር ምን ያህል ሊነግረን ይችላል?

ሙከራው የቆየ ነው። ዊሊያም ጌቨር እ.ኤ.አ. በ1989 ጽሑፍ ያሳተመበት የአፕል ኮምፒውተሩ ሶኒክፋይንደር ፋይልን ሲነኩት እንደ እንጨት ያንኳኳል፤ ፋይሉ ትልቅ ከሆነ ድምፁ ይወፍራል። ኮፒ ሲደረግ ውሃ ዕቃ ውስጥ ሲንቆረቆር ይሰማል። ጀሪካን ቀድታችሁ የምታውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል፤ ድምፁ እየቀጠነ ሲመጣ ሳታዩ ቧንቧውን ትዘጋላችሁ። ጌቨር ጆሮ ቀድሞ የሚያውቀውን ተዋሰ፤ ጎበዝ ነው። ግን «ሴቭ» ማድረግ በተፈጥሮው ምን ድምፅ አለው? የተሳሳተ ፓስወርድስ?

በዚያው ዓመት ሚራ ብላትነርና ባልደረቦቿ ሌላ መንገድ አቀረቡ፦ ትርጉማቸው በስምምነት ብቻ የሚታወቅ አጫጭር የዜማ ቁርጥራጮች። የጌቨር ድምፅ የቡና ሙቀጫ ነው፤ ጎረቤት ማንም ሳያስተምረው ሰምቶ ቡና መኖሩን ያውቃል። የእነ ብላትነር ደግሞ ነጋሪት ነው፤ ሲጎሰም አዋጅ እንዳለ የሚያውቀው የለመደ ብቻ ነው። አንድ ነጋሪት ይለመዳል። ሠላሳ ዓይነት ሲሆን ግን ማን ያስታውሰዋል?

ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው የቲ ቪ ራማን ኢማክስፒክ ነው። ራማን ራሱ ዓይነ ስውር ነው፤ ሥራውን በ1995 ሲያወጣ ሁለቱን፣ ንግግርንና ድምፅን፣ አብሮ አስኬዳቸው። አንድ ነገር ሲከፈት አጭር ድምፅ ይሰማል፣ ንባቡም ወዲያው ይቀጥላል፤ «ተከፈተ» የሚል ቃል ጊዜ አይበላም። የፕሮግራም ኮድ ሲነበብም ማብራሪያው በሌላ የድምፅ ቃና ይመጣል፣ ስለዚህ «ይሄ ማብራሪያ ነው» ብሎ ማቋረጥ የለም። ሰሚው ምን እንደሚያስቸኩለው የሚያውቅ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። (ኢማክስን መልመድ ራሱ ሌላ ጦርነት ነው፤ ለጀማሪ አልመክርም።)

ብዙዎቻችን የምንጠቀመው ግን በነፃ የሚገኘውን ኤንቪዲኤን ነው። እሱም የሥራውን ሂደት ቢፕ፣ ቢፕ እያለ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚወጣ ድምፅ ያሳውቃል። የጌቨር ውሃ ነው፣ ለዛው ተሟጦ የቀረ። እውነት ለመናገር አያምርም፣ ረጅም ጭነት ላይማ ያነጫንጫል። ሆኖም ሌላ ነገር እያነበብኩ ሥራው የት እንደደረሰ ከሥር እሰማለሁ። ደግሞ ቢፕ ቋንቋ የለውም፤ አማርኛና እንግሊዝኛ በተቀላቀለበት ገጽ ላይ አንባቢው ሲደናበር ለሚውል ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ስልኬ ላይ ወዳለው፣ ስሙን ወደማልጠራው የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያ ልምጣ። ብሩ ሲሄድ «ቲንግ» ይላል። ሳይሄድ ሲቀርም ያንኑ «ቲንግ» ይላል። ልዩነቱ ያለው በአረንጓዴና በቀይ ምልክት ነው፤ ምልክቱን ደግሞ ስክሪን ሪደሩ አያነበውም። ስለዚህ ስልኬን ለሰው ሰጥቼ «ሄደ ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሰውየው ቀሪ ሂሳቤንም አብሮ ያያል። ሠሪዎቹ ስለ ድምፅ አላሰቡም እንዳልል፣ ያቺን «ቲንግ» የመረጠ፣ ያስተካከለ፣ ያስገባ ሰው አለ። ለማን እንደምትጮህ ግን የጠየቀ የለም። የፈለግኩት ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፣ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። እስከዚያው ስንት ብር እንዳለኝ የጎረቤቴ ልጅ ከኔ ቀድሞ ያውቃል።