«የመተላለፊያ ይዘት» ስለሚባለው ስያሜ

በስልክ መስመር የሚላከውን ዲጂታል መረጃ በሚመለከቱ ትርጉሞች ውስጥ «ባንድዊድዝ» ለሚባለው ቃል «የመተላለፊያ ይዘት» የተሰኘው አቻ እየተለመደ መጥቷል። ይህ ስያሜ ፅንሰ ሐሳቡን ከመግለጽ ይልቅ የሚሰውር ስለ ሆነ ሊታረም ይገባዋል።

ይዘት በአንድ ዕቃ ወይም ጽሑፍ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ባንድዊድዝ ግን በመሠረቱ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድግግሞሽ ያለው ስፋት ነው። ዲኤስኤል የተባለው ዘዴ የቆመውም በዚሁ ስፋት ላይ ነው። የሰው ድምፅ በስልክ ሲተላለፍ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ይጠቀማል፤ ከዚያ በላይ ያለው የመዳቡ አቅም ለረጅም ዘመን ጦሙን አድሯል። በ1991 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጸደቀው የኤዲኤስኤል ደረጃ እስከ 1,104 ኪሎ ኸርዝ ድረስ ይዘልቃል፤ ስፋቱም እያንዳንዳቸው 4.3125 ኪሎ ኸርዝ በሆኑ 256 ጠባብ ክፍሎች ይሸነሸናል። ሁከት ባነሰበት ክፍል ብዙ ቢት ይጫናል፤ በበዛበት ጥቂት፤ እጅግ በከፋበት ምንም። እንግዲህ ሽቦው ያው ሽቦ ነው፤ የጨመረው የታረሰው ስፋት ነው።

ለነዚህ ክፍሎች «ንዑስ ቻናል» ማለት ይቻላል፤ ይሁንና ይህ ጸሐፊ «ትልም» የሚለውን ያስቀድማል። በአቀስታና በመካነ ሰላም ደጋ ገብስ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን በትልም መለየትን፣ ለሙንም ከጭንጫው ማበላለጥን ያውቃል። «ትልም» ዛሬ ለዕቅድም ስለ ዋለ ያደናግራል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። «መስመር» ግን ለስልክም ለፖለቲካም አገልግሎ ማንንም አላደናገረም።

በገበያ «ባንድዊድዝ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በሴኮንድ የሚላከው የቢት ብዛት መሆኑ አይካድም። ለዚህ «የመረጃ ፍጥነት» ይበቃል፤ ሁለቱን በአንድ ሐረግ ማጨቅ ግን ጉዳት አለው። ከፍ ያለ ድግግሞሽ በመዳብ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ የሽቦው ርዝመት ከስልክ ጣቢያው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የላይኞቹ ትልሞች ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። በአቀስታ ዳርቻ የሚኖር ደንበኛ ውሉ ላይ «ይዘት» የሚል ቃል ካነበበ፣ ከጣቢያው አጠገብ ካለው ሰው ያነሰ ሲደርሰው ከድርሻው የተቀነሰበት ይመስለዋል። «የድግግሞሽ ስፋት» ቢባል ግን ርቀቱ ስፋቱን እንዳጠበበበት ማስረዳት ይቻላል።

«መደበኛ ብሮድባንድ» ለሚለው ደግሞ አንድ ቃል እንጨምር። የመደበኛ ተቃራኒ «ልዩ» ነው እንጂ «ተንቀሳቃሽ» አይደለም። «መደበኛ ስልክ» ሥር ሰዷልና ይቆይ፤ ለአዳዲስ ስያሜዎች ግን «ቋሚ» የሚለው ይመረጣል። በውል ትርጉሞች ላይም የድግግሞሽ ስፋት፣ የመረጃ ፍጥነትና የሽቦ ርዝመት በየራሳቸው ዐምድ ተለይተው ይጻፉ።