አጣብቂኝ፥ ማጥ እና አዙሪት፤ ስለ እንግሊዝኛ የጭንቅ ፈሊጦች አተረጓጐም

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በሚተረጐሙ ጽሑፎች ውስጥ «አጣብቂኝ» የሚለው ቃል ከዐቅሙ በላይ ሥራ በዝቶበታል። «ዳይሌማ» ሲመጣ አጣብቂኝ፥ «ኳግማየር» ሲመጣ አጣብቂኝ፥ «ካች ትዌንቲቱ» ሲመጣም ያው አጣብቂኝ ይባላል። ይህ ልማድ የስንፍና ምልክት ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኛ ግን ጉዳቱ ከዚያ የጠለቀ ነው እንላለን። እነዚህ ፈሊጦች ጭንቅን ብቻ አይናገሩም፤ ጭንቁን ማን እንዳመጣውና መውጫ ይኑረው አይኑረው ፍርድ ይሰጣሉ። ቃላቱ ሲጨፈለቁ ፍርዱም አብሮ ይጠፋል።

ለማስረዳት ያህል ከ«ዳይሌማ» እንነሣ። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን፥ በሥነ አመክንዮ ሁለት መነሻ ሐሳቦች የቀረቡበት የክርክር ስልት መጠሪያ ነው፤ ባላጋራው ከሁለቱ የትኛውንም ቢቀበል ይረታል። በተለመደው አነጋገርም ቢሆን ሁለት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ነገር ግን የሚመርጥ ሰው አለ። ከሁለት ወገን የሚጫን ጠባብ ስፍራን የሚያሳየን «አጣብቂኝ» ለዚህ ቃል የተገባ ስለሆነ ለርሱ ይጠበቅለት።

«ኳግማየር» ግን ምርጫን አያውቅም። በገዛ እግር የተገባበት፥ ለመውጣት በታገሉ መጠን ይበልጥ የሚውጥ ረግረግ ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዴቪድ ሃልበርስታም ስለ ቬትናም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ በዚህ ቃል ሲሰይም፥ ረግረጉ ተሠራ እንጂ ከሰማይ አልወረደም የሚል አሳብ በርእሱ ላይ አስፍሯል። ይህን «አጣብቂኝ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፥ መንግሥቱ ሳይወድ በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል የተያዘ ያስመስለዋል፤ ተጠያቂነቱንም ያቀልለታል። አማርኛ ለዚህ «ማጥ» እና «አረንቋ» አለው። «ከድጡ ወደ ማጡ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ደረጃውን ሳይቀር ለይቶ ያውቃል፤ ድጥ ያንሸራትታል፥ ማጥ ግን ይዞ ያስቀራል።

«ካች ትዌንቲቱ» የጆሴፍ ሄለር ልብ ወለድ መጠሪያ ሲሆን መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዚያ ልብ ወለድ ውስጥ ያበደ የጦር አውሮፕላን በራሪ ከበረራ ይሰናበት ዘንድ መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን መጠየቁ ራሱ ጤነኛ መሆኑን ስለሚያረጋግጥ መብረሩን ይቀጥላል። እዚህ ላይ ረግረግም ሆነ ምርጫ የለም፤ ያለው ሰው ያወጣው ደንብ ነው። ለመቀጠር የሥራ ልምድ የተጠየቀ፥ ልምዱንም ሳይቀጠር ሊያገኝ ያልቻለ ወጣት ይህን ያውቀዋል። «አዙሪት» ይቀርበዋል፤ ይሁን እንጂ የድኽነት አዙሪትም ስላለ፥ ጥፋቱ የደንቡ መሆኑ እንዲታይ «የደንብ አዙሪት» ቢባል እንመርጣለን።

«የሆብሰን ምርጫ» የሚለውን «ከባድ ምርጫ» ብሎ መተርጐምም ስሕተት ነው። ቶማስ ሆብሰን እ.ኤ.አ. በ1631 የሞተ የኬምብሪጅ ፈረስ አከራይ ነበር። ተከራዩ በጋጣው በር አጠገብ የቆመውን ፈረስ ይወስዳል፥ አለዚያ በእግሩ ይሄዳል። ስለዚህ ምርጫው ከባድ ሳይሆን ከነጭራሹ የሌለ ነው። «ይህን ውሰድ፥ አለዚያ ተወው» የሚለው ቀላል አማርኛ ከማንኛውም የተራቀቀ ሐረግ ይልቅ ይገልጸዋል።

ሁለተኛው ጥፋት ቃል በቃል መገልበጥ ነው። ሉዊስ ካሮል እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው ተረት አሊስ ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ ውስጥ ትወድቃለች። ከዚህ የተወለደው ፈሊጥ፥ በትንሽ ነገር ጀምሮ አንዱ ሌላውን እየሳበው ጊዜውን የሚረሳ ሰው ይገለጽበታል። «የጥንቸል ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ» የሚለውን የሚያነብ ግን አደጋ የደረሰ ይመስለዋል፤ መመሰጡ አይታየውም። «የአንድ ቃል ምንጭ ሊፈልግ ተነሥቶ፥ ነገር ነገርን እየሳበው ሌሊቱ ነጋበት» ብንል አሳቡ ይሞላል። «የትል ቆርቆሮ ከፈተ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ማለቂያ የሌለው ጣጣ ቆሰቆሰ» ማለት ይበቃል። «እንደ ተነካ የንብ ቀፎ» የሚለው ግን ቁጣን ስለሚያሳይ ለዚህ አይስማማም።

ውሰት ሁሉ ይወገዝ ማለታችን አይደለም። እንግሊዝኛ ራሱ «የፓንዶራ ሣጥን» የሚለውን ያገኘው በትርጕም ነው፤ በሄሲዮድ ግጥም ውስጥ የነበረው ትልቅ እንስራ ሲሆን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት ኤራስመስ በላቲን ሲጽፈው ሣጥን ሆነ። ነገር ግን ከፈሊጡ ጋር ታሪኩም አብሮ ስለ ተነገረ ሣጥኑ ተለመደ። ታሪኩ ያልደረሰው አንባቢ በባዶ ጉድጓድ አጠገብ ይቀራል።

ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛና አማርኛ ዐውዳዊ መዝገበ ቃላት፥ ቃልን በዐረፍተ ነገር ውስጥ የማሳየትን ጥቅም አስተምሮናል። ለፈሊጦች ግን ሌላም ያስፈልጋል። አዘጋጆች በእያንዳንዱ ፈሊጥ ሥር ጭንቁን ያመጣው ማን እንደ ሆነ፥ ምርጫ መኖር አለመኖሩንና መታገል እንደሚያወጣ ወይም እንደሚያሰጥም በአጭሩ ቢያመለክቱ፥ ተርጓሚው አቻውን ከአማርኛ ጎተራ ለይቶ ለማውጣት አይቸገርም። ማጥ የተባለውን ማጥ፥ አጣብቂኝ የተባለውንም አጣብቂኝ ብሎ ማስተላለፍ ለቃሉ ብቻ ሳይሆን፥ በጽሑፉ ላይ ተመሥርቶ ለሚፈርደው አንባቢ ያለብን ዕዳ ነው።